ሁለት ወፍ ባንድ ሰማይ

አባቴ ኦርቪል ሃውገን ይባላል። በያኪማ ሸለቆ ቼሪ ወይም ወይን ያለው ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአርባ ዓመት በላይ በጭልፊት ወፍ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው። እኔ ሊኔት ነኝ፣ ልጁ። ሥራውንም የወረስኩት እኔ ነኝ። የማወራችሁ ያለፈው ዓመት ሰኔ ላይ በአንድ ቀን የደረሰብንን ነው።

ቼሪ ሲቀላ ጥቋቁሮቹ ወፎች እንደ ደመና ይወርዱበታል። ጠግበው ቢሄዱ ማንም ባልተቀየማቸው ነበር። አንዷን ፍሬ ነክሰው ይተዋሉ፣ ሌላዋን ይነክሳሉ፤ የተነከሰችው ትበሰብስና ጎረቤቶቿን ይዛ ትጠፋለች። ገበሬው በጋዝ የሚተኮስ ማስፈራሪያ ያቆማል። በሦስተኛው ቀን ወፎቹ እዚያው ማስፈራሪያው ላይ ቆመው ይጸዳዱበታል። ጭልፊትን ግን ወፍ አይለምዳትም። ከላይ ስትዞር ካዩዋት፣ አንዳቸውንም ሳትነካ፣ እርሻውን ለቀው ይሄዳሉ። ገበሬው የሚቀጥረን ለዚሁ ነው።

ሁለት ወፎች ነበሩኝ። ኦፓል ጭልፊት ናት፤ ክንፏ ረጅምና ሹል፣ ከፍ ብላ ሰማዩን የምትጠብቅ። አባቴ ገና ጤነኛ ሳለ ከጫጩትነቷ ጀምሮ በእጁ እያጎረሰ ነው ያሳደጋት። ዶቲ ደግሞ ጭላት ናት፤ ቡናማ፣ ደረቷ ሰፊ፣ በዛፎቹ መሃል ዝቅ ብላ የምትበር። ኦፓልን ጠዋት አበራለሁ፣ ዶቲን ከሰዓት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ መጀመሪያ ጓንት ያጠለቀልኝ ዕለት እንዲህ አለኝ፦ "ሁሉንም ነገር ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ። ሁለት ወፍ ባንድ ሰማይ አይለቀቅም። አንዷ ሌላዋን ትበላታለች።" እኔም በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አጥፍቼ አላውቅም።

አባቴ መርሳት ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋው። ከዚያ መንገድ ጠፋው። ከዚያ የእናቴ መሞት ጠፋውና በየማታው "እናትሽ ዛሬ ቆየች" ይለኝ ጀመር። ወንድሜ ዋረን ስፖኬን ከተማ ነው የሚኖረው፣ በሳምንት አንዴ ይደውላል፣ በደወለም ቁጥር ሰኒሳይድ ስላለው የአዛውንቶች ቤት ያነሳል። እኔ አልሰማውም ነበር። "አባዬን ከወፎቹ ብለየው በወሩ ይሞታል" እለዋለሁ። ብቻውን ቤት ጥዬው መሄድ ስለማልችል በየቀኑ ይዤው ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ እሱ ፒክአፑ ውስጥ ይቀመጣል፣ እኔ እሠራለሁ። ሁለት የበጋ ወቅት እንዲህ አለፈ።

በዚያን ቀን ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ ተነሳን። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቦቲውን አጥልቆ አገኘሁት።

"አባዬ፣ የግራውን ለቀኝ አድርገኸዋል።"

"አንቺ ነሽ ያቀያየርሽው።"

"እሺ፣ እኔ ነኝ። እግርህን ስጠኝ።"

"ጉልበቴ ላይ እንዳትደገፊ። ሰው እንጂ አጥር አይደለሁም።"

ጫማውን አስተካክዬ፣ ሸሚዙን ቆልፌለት ወደ ወፎቹ ቤት ሄድን። ከቁልፍ ጋር ሲታገል የሚውል ጣት እዚያ ሲደርስ ሌላ ጣት ይሆናል። ወፏ የምትታሰርበትን ቋጠሮ በአንድ እጁ፣ ሳያይ፣ አስሮ ይፈታል። እኔ ኦፓልን ሚዛን ላይ አቆምኳት፣ እሱ ከትከሻዬ ኋላ ቆሞ አየ።

"ስንት ሆነች?"

"ስምንት መቶ ሃያ ግራም።"

"ከብዳለች። ዛሬ አትሰማሽም፤ ቤት አውያት።"

የልጁን ስም የሚረሳ ሰው የወፏን ክብደት አልረሳም። ትክክልም ነበር፤ የጠገበች ጭልፊት ጌታዋን አትሰማም፣ እንደ ልቧ ትርቃለች። ግን እርሻው ላይ ለቀማ የሚጀመረው በማግስቱ ነበርና ወፍ ሳላበር መዋል አልቻልኩም። "ትንሽ ናት፣ ምንም አይደል" ብዬ ዓይኗን የሚሸፍነውን ቆቧን አጠለቅሁላትና መኪናው ላይ ጫንኳት። ዶቲንም ከኋላ በኩል መቆሚያዋ ላይ አሰርኳት።

እርሻው ስንደርስ ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። የእርሻው አለቃ ኤፍራይን ባራጋን በባለአራት ጎማ ሞተሩ እየነዳ መጣ። ከእኛ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ከአባቴ፣ አሁን ከኔ።

"አባባ ኦርቪል! እንዴት አደሩ?"

"ማነህ አንተ?"

"ኤፍራይን ነኝ እንጂ! ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ!"

አባቴ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ሃያ ዓመት ሠርተህ አንድ ደህና ኮፍያ መግዛት አቃተህ?" አለው።

ኤፍራይን እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። "አንደበታቸውማ አልታመመም፣ ተመስገን ነው። ስሚ ሊኔት፣ ጥቋቁሮቹ ሌቦች በሰሜን በኩል ገብተውልሻል። ለቃሚዎቼ ነገ ነው የሚገቡት። አንድ ቀን ብቻ ያዥልኝ።"

"አንተ እኮ ዓመቱን ሙሉ 'አንድ ቀን ብቻ' እንዳልክ ነው።"

"አንቺም ዓመቱን ሙሉ እንዳማረርሽ ነው። ሳታማርሪ የዋልሽበት ቀን ካለ ንገሪኝና ሻማ አበራለሁ።"

"አብራ፤ ያን ኮፍያህንም አብረህ አቃጥለው።"

እየሳቀ ሄደ። እኔ ኦፓልን ጓንቴ ላይ አስቀመጥኩና ወደ አባቴ ዞርኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት የመኪናውን በር ከውጭ እየቆለፍኩበት ነበር የምሄደው። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ውሃና ብስኩት ሰጥቼው፣ ግን ቆልፌ። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ዕለት ስመለስ እጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ሲያለቅስ አገኘሁት። "እኔ ውሻ ነኝ ወይ?" ነበር ያለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ያን ጠዋት አልቆለፍኩም።

"አባዬ፣ እዚሁ ሆነህ ጠብቀኝ። ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ።"

"የት እሄዳለሁ? ሂጂ፣ ወፏን ፀሐይ ሳይመታት አብሪያት።"

ኦፓልን ከሰሜኑ ጥግ ለቀቅኳት። ቆቧን ሳወልቅላት ግራና ቀኝ ቃኘች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ከእጄ ገፍታኝ ተነሳች። እየዞረች እየዞረች ወጣች፤ እንደ እጅ መዳፍ፣ ከዚያ እንደ ቅጠል፣ ከዚያ እንደ ነጥብ ሆነች። ጥቋቁሮቹ ወፎች አንዴ ነው የጮሁት። ከዛፎቹ ተነቅለው፣ አንድ ላይ ተጠቅልለው፣ ወደ ወንዙ ሸሹ። ይህን ስንት ሺህ ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ሁልጊዜም አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አያለሁ።

አንድ ሰዓት ያህል በረረች። ከዚያ ማባበያውን አወጣሁ፤ ገመድ ጫፍ ላይ የታሰረ ላባ የለበሰ ቆዳ ነው፣ ሥጋ ይታሰርበታል፣ ሲወዛወዝ አይታ ትወርዳለች። አወዛወዝኩት፣ አልወረደችም። አባቴ እንዳለው ከብዳ ነበር። እየራቀች ሄዳ በመስኖ ቦዩ በኩል ከመንጋው የቀረች አንዲት ወፍ ላይ ተወርውራ ያዘቻትና ሣሩ ውስጥ ወረደች። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ትርቃለች። አልተጨነቅሁም። መሬት ላይ ሆና ስትበላ ቀስ ብዬ ሄጄ፣ ሥጋ አሳይቼ፣ ጓንቴ ላይ አወጣታለሁ፤ በሳምንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው።

መንገዱን ሳጋምስ አንድ ነገር በራሴ ላይ አለፈ። ነፋሱ ፀጉሬን ነካው። የዱር ጭላት መስላኝ ለመጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቃጭል ሰማሁ። የዱር ወፍ እንደ እኛዎቹ እግሩ ላይ ቃጭል የለውም። የዶቲ ቃጭል ነበር።

ሮጥኩ። ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም ደህና አይደለም፣ ግን እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። "ዶቲ! ዶቲ!" እያልኩ፣ ማባበያውን እየወረወርኩ። ኦፓል ምርኮዋ ላይ አቀርቅራ ነበር፣ አላየቻትም። ስደርስ ዶቲ ክንፏን እንደ ድንኳን ዘርግታ ከላይ ሸፍናታለች፣ ጥፍሯ አንገቷ ውስጥ ገብቷል።

ጭላትን ከያዘችው ነገር በኃይል ማላቀቅ አይቻልም፤ በታገሏት ቁጥር ታጠብቃለች። ስለዚህ ተንበርክኬ ከቦርሳዬ የድርጭት ጭን አውጥቼ አሳየኋት። አየችው። ኦፓልን ለቀቀችና ጓንቴ ላይ ዘለለች። ኦፓልን የገደለችውን ወፍ በእጄ አጎረስኳት ማለት ነው። እየቀነጣጠበች ስትበላ ኦፓል ሣሩ ላይ ሁለት ጊዜ ክንፏን አንቀሳቀሰች። ሦስተኛ ጊዜ አልነበረም።

በግራ እጄ ዶቲን ይዤ፣ በቀኜ ኦፓልን ሹራቤ ውስጥ ጠቅልዬ አቅፌ ተመለስኩ። አባቴ ከመኪናው ወርዶ ቆሟል። አሮጌውን የራሱን ጓንት ከመቀመጫው ሥር ፈልጎ አጥልቆታል፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ እያፏጨ ነው። ፊቱ በርቷል። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

"አየሻት? እንደ ቀስት ነው የሄደችው! ወፎቹ በዝተውብሽ ሳይ ላግዝሽ ብዬ—" ብሎ ቆመ። "ምንድን ነው ያቀፍሽው?"

ቀረበኝ፣ ሹራቡን ገለጠ። አንዱን ክንፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ዘረጋው፣ ላባዎቹን አየ፣ መልሶ አጠፈው።

"ኦፓል ናት" አለ።

"አዎ።"

"ምን አገኛት?"

"ዶቲ ናት የገደለቻት።"

"ዶቲ? ኦፓል እየበረረች ዶቲ ምን ትሠራለች?" ድምፁ ከፍ አለ። የዛሬ ሃያ ዓመት ድምፁ ነበር፤ በእርሻው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ። "ሁለት ወፍ ባንድ ሰማይ ማን ለቀቀ? የትኛው ደደብ ነው? ስሙን ንገሪኝ!"

እጁን አየሁት። የዶቲ ማሰሪያ ጠፍር አሁንም በጣቶቹ ላይ ተጠምጥሟል።

"እኔ ነኝ፣ አባዬ" አልኩት።

ከዚያ የተናገረኝን ሁሉ አልጽፈውም። አስተምሬሽ ነበር አለኝ። ወፍ ለሰነፍ አይሰጥም አለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ጓንት እንዳታጠልቂ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ" አለኝ። እኔ እንደ አሥራ አራት ዓመት ልጅ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። ሲደክመው ፒክአፑ ጀርባ ላይ ተቀመጠ፣ ኦፓልን ተቀብሎኝ ጭኑ ላይ አስተኛት፣ በአውራ ጣቱ የራሷን ላባ እያስተካከለ አለቀሰ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዶቲን አስሬ፣ ውሃ ላመጣለት ወደ መኪናው ፊት ዞርኩ። ስመለስ ኦፓልን አጠገቡ አስቀምጧት፣ ሹራቡም ሸፍኗታል፣ እሱ ደግሞ ሰማዩን እያየ ነው።

"ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው። ኦፓልን አታበሪያትም እንዴ?"

የዚያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ፣ ወይም ሌላ ነገር ብል ኖሮ እላለሁ። ግን እኔም አእምሮዬ ቦታው አልነበረም። "ሞተች አባዬ፣ አሁን እኮ አየሃት" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሰው ፊቱ ጠቆረ። ምን አገኛት አለ። ዶቲ አልኩት። ማን ለቀቃት አለ። እኔ አልኩት። እንደገና ጮኸብኝ፣ እንደገና አለቀሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ኤፍራይን ደርሶ ከኋላችን ቆሞ ነበር፣ ሁሉንም ሰማ። አባቴ ሲጮህ ሞተሩ አጠገብ ሆኖ ኮፍያውን አውልቆ ጠበቀ።

በኋላ ወደ ጎን ወሰደኝ።

"ለምን ትዋሺያቸዋለሽ? እሳቸው ሲለቋት አንዱ የመስኖ ሠራተኛዬ አይቷቸዋል።"

"ምን ልበለው? አንተ ነህ የገደልካት ልበለው? ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ አዲስ ልንገረው?"

"ሞተች ብቻ በያቸው።"

"ማን ገደላት ይለኛል። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ነው፣ ሳያጣራ አይተውም።"

ኤፍራይን መሬቱን በጫማው ጫፍ ሲቆፍር ቆየ። "እናቴም እንዲህ ሆና ነው ያለፈችው" አለ። "መጨረሻ ላይ እኔን ፖሊስ እያለች ትፈራኝ ነበር። ሊያስራት የመጣ ፖሊስ። እህቴ 'ልጅሽ ነው' ስትላት ይብስባት ነበር። በመጨረሻ እኔም ተውኩት። 'እሺ፣ ዛሬ አላስርሽም፣ ምሳሽን ብይ' እላታለሁ፣ ትበላለች።" ከዚያ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። "ሥራውን ተይው ዛሬ። ቤትሽ ግቢ።"

"ወፎቹስ?"

ሁለታችንም ወደ ሰሜን አየን። ከወንዙ በኩል መመለስ ጀምረዋል፤ መጀመሪያ አምስት ስድስት ሆነው፣ ከዚያ በመንጋ።

"ወፎቹማ አይጠብቁም" አለ ቀስ ብሎ።

ስለዚህ ሠራሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ዶቲን ይዤ በዛፎቹ መሃል ሄድኩ። ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ተከተለችኝ፣ በጠራኋት ጊዜ ሁሉ መጣች፣ እንደዚያ ቀን ታዝዛኝ አታውቅም። ልጠላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የሠራችው ወፍ የሚሠራውን ነው። እግሯ ላይ የኦፓል ደም ደርቆ ነበር፣ እጄ ላይ ባረፈች ቁጥር አየዋለሁ። አባቴን ኤፍራይን ሞተሩ ላይ አስቀምጦ እርሻውን ሲያዞረው ዋለ፤ አንዳንዴ ከሩቅ ሳቁን እሰማለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ኤፍራይን መልሶ አመጣልኝ። አባቴ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከመቀመጫው ቀበቶ ጋር እየታገለ፣ "ኦፓልስ?" አለኝ።

አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩት። "አርፋለች፣ አባዬ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ጥሩ አደረግሽ። ማረፍ አለባት፤ ዛሬ ከብዳለች" አለ። ከዚያ በኋላ በዚያን ቀን አልጠየቀኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤታችን ኋላ ካለው ኮረብታ ላይ ወጣን። ዝናብ የማያውቀው ቁጥቋጦ የሞላበት ደረቅ መሬት ነው፣ አካፋው እየነጠረ ለመቆፈር አስቸገረኝ። አባቴ ቁጭ ብሎ ድንጋይ ሲለቅምልኝ ቆየ። በሹራቡ እንደተጠቀለለች አስገባኋት፣ አፈር መለስኩባት። አባቴ ተነሳና አጠገቤ ቆመ።

"ማንን ነው የምንቀብረው?" አለ በሹክሹክታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው።

"ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች።"

ባርኔጣውን አወለቀ። "ቤተሰብ አላት?"

"አላት። ሁለት ሰው።"

"እግዚአብሔር ያጽናቸው" አለና እጄን ያዘ።

"አሜን" አልኩ።

እራት አብልቼ ካስተኛሁት በኋላ ዋረን ጋ ደወልኩ። የደወልኩት እኔ ስለሆንኩ ደነገጠ፤ አባቴ የሞተ መስሎታል።

"ደህና ነው" አልኩት። "የዚያን የሰኒሳይዱን ቤት ስልክ ላክልኝ።"

አምስት ዓመት ሲለምነኝ የነበረው ነገር ነው፤ "ነግሬሽ አልነበረም" ሊለኝ ይችል ነበር። አላለኝም። "ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቦታ ሲገኝም አብረን እንወስደዋለን። አንቺ ብቻሽን አታደርጊውም" ብቻ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ነው ያለቀስኩት፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቦታ የተገኘው ነሐሴ ላይ ነው። በገባ በወሩ ይሞታል ያልኩት ሰው ሦስት ኪሎ ጨመረ። መስኮቱ ሥር የአበባ መደብ አለ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሁለቱ የማይገናኝ ወሬ ሲያወሩ ይውላሉ። ስለ ወፍ አንስቶ አያውቅም ይሉኝ ነበር ተንከባካቢዎቹ። እኔ በየእሁዱ እሄዳለሁ። አንዳንዴ እህቴ ነሽ ይለኛል፣ አንዳንዴ የወተት ሻጩ ሚስት። እኔም ከኤፍራይን ተምሬ ያለኝን እሆናለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ የወይኑ ለቀማ ሲያልቅ፣ አንድ እሁድ ስገባ ፊቱ ጨልሞ አገኘሁት።

"ምን ሆንክ?"

"ልጅ አለችኝ" አለኝ። "አንቺን ታክላለች። ጎበዝ ነበረች፣ ከእኔ የበለጠ እጅ ያላት። አንድ ቀን ግን ሁለት ወፍ ባንዴ ለቀቀችና ኦፓል የምትባል ጭልፊቴን አስበላቻት።"

ወንበሩን ይዤ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። የእናቴን ሞት ያልያዘ፣ የኔን ፊት ያልያዘ ራስ፣ ያን ውሸቴን ይዞት ነበር። ሦስት ጊዜ ነው የነገርኩት። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አልቅሶበታል። እንደዚያ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም ውስጡ የቀረው።

"ክፉ ቃል ተናገርኳት" አለ። "ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም።"

"አልተቀየመችህም።"

"አንቺ በምን ታውቂያለሽ?"

"አብረን ነው የምንሠራው።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አጠናው። ያወቀኝ መሰለኝ፤ አላወቀኝም። "እንግዲያው ንገሪያት" አለኝ። "ሁላችንም አንድ ቀን እናጠፋለን በያት። ትቼላታለሁ በያት። ትምጣ።"

እውነቱን ልነግረው አስቤ እንደሆነ ኤፍራይን በኋላ ጠይቆኛል። አላሰብኩም። ደግሞስ ሚዛኑን አይቶ ችላ ያለው ማን ነው? በሩንስ ሳይቆልፍ የሄደው? በሩን ግን ዛሬም ቢሆን የምቆልፈው አይመስለኝም።

"እነግራታለሁ" አልኩት።

ሾርባው መጣ። ማንኪያውን ልይዝለት ስል ቀማኝና ራሱ መብላት ጀመረ፣ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ጨርቅ አምጥቼ ጠረግኩለት። የአውቶቡሱ ሾፌር ስለ አንድ የበረዶ ቀን ሲያወራ አባቴ በማይገናኝበት ቦታ ላይ ሳቀ። ኮቴን ለብሼ ስነሳ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሩቅ ነው የምትሄጂው?"

"አርባ ደቂቃ ነው።"

"መንገዱ ይጨልምብሻል፤ ቀስ ብለሽ ንጂ" አለኝ፣ ለማያውቁት ሰው በሚያሳዩት ደግነት፣ ወደ ሾርባውም ተመለሰ።